የእናቴን ዳሌ አሳምረው ቀየሩላት፣ የደም መርጋቱን ነገር ግን ረሱት

ሰሞኑን ሀገር ቤት ከርሜ የመጣሁት እናቴን ለማሳከም ነው፤ የዳሌ መገጣጠሚያዋ ተቀየረ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። እንደኔው ወላጅ ለማሳከም ከውጭ ለምትሄዱ ግን ያየሁትን ልንገራችሁ።

ቀዶ ጥገናው እንከን አልነበረውም። ሐኪሙ ራጁን እያሳየ፣ ሳይቸኩል አስረዳን። በማግስቱ ጠዋት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እናቴን በዎከር አቆመቻት። አልጋ ላይ ስትሆን ደግሞ "እማማ፣ የእግርዎን ጣቶች ወደ ራስዎ ሳብ፣ ወደ ታች ገፋ ያድርጉ፣ ደም እንዳይተኛ" ትላታለች። እናቴ እንደ ጸሎቷ ያዘችው፤ ሌሊት ስነቃ እንኳ ብርድ ልብሱ ከእግሯ በኩል ከፍ ዝቅ ሲል አየዋለሁ። ማታ ማታ ሆዷ ላይ የምትወጋው የደም መርጋት መከላከያም ነበራት፣ ኢኖክሳፓሪን 40 ሚሊ ግራም። እዚህ ድረስ ምስጋና ብቻ ነው ያለኝ።

በአራተኛው ቀን ውጡ ተባልን። የመውጫ ወረቀቱን ሳነበው የሕመም ማስታገሻና የቀጠሮ ቀን ብቻ ነው ያለው። መርፌውስ? ብዬ ጠየቅሁ። "እዚህ እያሉ ወስደዋል፣ አሁን እየተራመዱ ስለሆነ ይበቃቸዋል" ተባልኩ።

ባለቤቴ በምንኖርበት ሀገር ጉልበቱን ሲቀየር ነርሷ ይህንኑ መርፌ እሷ እያየችው ራሱን በራሱ እንዲወጋ አድርጋ ነው ያሰናበተችው። ተሞልቶ በሚመጣው መርፌ ውስጥ ያለችውን የአየር አረፋ እንዳያስወጣ፣ የተወጋውንም ቦታ እንዳያሽ ነግራዋለች። ለጉልበት ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ለዳሌ ግን እስከ 35 ቀን እንደሚቀጥል የሰማሁት ያኔ ነው። አደጋው ከሆስፒታል ሲወጡ አያበቃም። ከቀዶ ጥገና በኋላ ደም ለመርጋት ይፈጥናል፣ እግርም እንደ ልብ አይንቀሳቀስም፤ ይህ ሳምንታት ይቆያል። ከዳሌ ቅየራ በኋላ ደም የሚረጋባቸው ብዙዎቹ ቤታቸው ከገቡ በኋላ ነው የሚታመሙት። የረጋው ደም ከእግር ተነስቶ ሳንባ ከገባ ደግሞ ሊገድል ይችላል። ታዲያ እንዴት ዝም ልበል?

ሐኪም አገናኙኝ አልኩ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ኮሪደር ላይ ተቀመጥን። አንዱ ቀዶ ጥገና ላይ ነው ይለኛል፣ ሌላው በቀጠሮሽ ጠይቂ ይለኛል፣ ሦስተኛዋ ወደ ካርድ ክፍል ትልከኛለች፤ ካርድ ክፍሉ መልሶ ወደ ዋርድ። እናቴ ዊልቸር ላይ ናት፣ እግሯ እንደተንጠለጠለ። ደም እንዳይረጋባት ልከራከርላት ብዬ ሰባት ሰዓት ሙሉ ሳትንቀሳቀስ አስቀመጥኳት! ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል። "ልጄ ተዪው፣ ቤቴ ውሰጂኝ" ስትለኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

10 ሰዓት ላይ አንድ ወጣት ሐኪም አልፎ ሲሄድ ወረቀቱን ዘረጋሁለት። ቆሞ አነበበ። የኩላሊት ምርመራዋንና ክብደቷን አየ፣ የምትወስደውን መድኃኒት ጠየቀ፣ "ልክ ነዎት፣ ተረስቷል፤ ይቅርታ" ብሎ የቀረውን መርፌ ጻፈልን። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። በራሳችን እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ እንዳንጨምርባት፣ ደም ያፈሳል ብሎ አስጠነቀቀን። አንደኛው ባቷ ካበጠ፣ ከሞቀ ወይም ካመማት በዚያው ቀን እንድናመጣት፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠራት ወይም ደረቷን ከወጋት ግን በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል እንድንወስዳት ነገረን። ማንም ያልነገረንን ነው የነገረን።

ለአንዳንዱ ሰው በመርፌው ፋንታ እንደ ሪቫሮክሳባን ያለ ክኒን ወይም አስፕሪን ይታዘዛል፤ ምርጫው የሐኪም ነው። እናንተ ግን የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና የሚያበቃበት ቀን ወረቀቱ ላይ ሳይጻፍ ከበሩ አትውጡ። አብራችሁ ይዛችኋቸው ልትመለሱ ያሰባችሁም ቲኬት ሳትቆርጡ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ረጅም በረራ ራሱ ለደም መርጋት ያጋልጣል። እኔ ይዣት ልምጣ ብዬ ሦስት ወር ቆዪ ስለተባልኩ ብቻዬን ተመለስኩ።

መርፌውን እህቴ ተረከበችኝ። ያለቀ ቀን ማታ እናቴ ራሷ ደወለች። "ሠላሳ አምስተኛዋን ተወጋሁ" አለችኝ፣ "ባቴንም አየነው፣ ሁለቱም እኩል ናቸው።"