«መጽሐፉ ላይ ያለው አንድም አልቀረም» የሚሏችሁን ፊልም ሳትከፍሉ ደቂቃውን እዩ

ጎንደር ላይ የፋንታሲ ልቦለድ የምታነቡ፣ ከፒያሳም ከማራኪም ፍላሽ ይዛችሁ ፊልም የምታስጭኑ ሁሉ፣ ይህን አንብቡና ለጓደኛችሁም አድርሱ። «ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ፣ ሦስቱም ክፍል፣ ኤክስቴንድድ፣ መጽሐፉ ላይ ያለው አንድም አልቀረም» እየተባለ ከሌላው ፊልም በላይ ዋጋ የሚጠየቅበት አለ። መጽሐፉ የቶልኪን የፋንታሲ ልቦለድ ነው፤ ኤክስቴንድድ የሚባለው ደግሞ ሲኒማ ቤት ያልታዩ ትዕይንቶች የተጨመሩበት የተራዘመ ቅጂ ነው። ፍላሹ ሲከፈት የሚገኘው ግን ሲኒማ ቤት የታየው አጭሩ ቅጂ ሊሆን ይችላል። የተቀየረው የፋይሉ ስም ብቻ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሁለት ሰከንድ ይበቃል።

ስሙን ትታችሁ ርዝመቱን እዩ። ፋይሉ ላይ በቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ ስትገቡ ይወጣል። የሲኒማው ቅጂ በቅደም ተከተል 178፣ 179 እና 201 ደቂቃ ነው። የተራዘመው 208፣ 223 እና 251 ሲሆን፣ መጨረሻ ላይ የሚወርደው ረጅም የስም ዝርዝር ሲጨመር 228፣ 235 እና 263 ይደርሳል። በሰከንድ በ24 ምስል ፋንታ 25 ሆኖ ከተቀዳ 4 በመቶ ያህል ስለሚፈጥን 208ቱ ወደ 200 ይወርዳል፤ ይህ አልተቆረጠምና ሻጩን አትጣሉት።

እውነተኛው የተራዘመ ቅጂም ቢሆን ፍላሹ ላይ ሊበላሽ ይችላል። ፋት32 ተብሎ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ጥራት ያለው የአራት ሰዓት ፊልም ደግሞ ከዚያ በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ ሻጩ ወይ ለሁለት ይከፍለዋል፣ ወይ ጨለማ ውስጥ ያለው ጦርነት ሁሉ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ እስኪሆን ይጨምቀዋል። ፍላሹ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ተብሎ ፎርማት ቢደረግ ይፈታል፤ ቴሌቪዥናችሁ ያንን ማንበቡን ግን አስቀድማችሁ ሞክሩ፤ ፎርማት ሲደረግም ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አትርሱ።

ሌላው ስክሪን እንዲሞላ ተብሎ የሚደረገው ቆረጣ ነው። ፊልሙ የተሠራው ስፋቱ የቁመቱ 2.39 እጥፍ ሆኖ ነው። ከላይና ከታች ጥቁሩ መስመር ከሌለ ከግራና ከቀኝ ሩብ ያህሉ ምስል ሄዷል ማለት ነው። ሰብታይትሉም የሲኒማው ከሆነ ከመጀመሪያው የተጨመረ ትዕይንት ጀምሮ ይዛባል። ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ላይ ብታስተካክሉትም ቀጣዩ ጭማሪ ላይ ተመልሶ ይበላሻል፤ ለዚያው ቅጂ የተሠራውን ጠይቁ።

ይህ ሁሉ ቢሟላ እንኳ «አንድም አልቀረም» ውሸት ነው። በመጽሐፉ ሆቢቶቹን፣ አጫጭሮቹን የታሪኩን ጀግኖች፣ ጫካ ውስጥ የሚያድናቸው ቶም ቦምባዲል በየትኛውም ቅጂ የለም። ሆቢቶቹ ተመልሰው መንደራቸውን ሻየርን ከወሮበሎች ነፃ የሚያወጡበት ምዕራፍም የለም። ቦምባዲል መቅረቱ ለፊልሙ ጠቅሞታል፣ ክፉውን ቀለበት ለማጥፋት የሚደረገው ጥድፊያ እሱ ጋ ሲደርስ ይረግብ ነበር። የጦር አዛዡ የፋራሚር ነገር ግን ይቅር አይባልም። በመጽሐፉ ለቀለበቱ ሳይጎመጅ ስንቅ ሰጥቶ ቀለበቱን የያዘውን ሆቢት ፍሮዶን ይሸኘዋል፤ በፊልሙ አስሮ እስከ ኦስጊሊያት ከተማ ይጎትተዋል። ትዕይንት ቢቀነስ አንባቢ ከመጽሐፉ ይሞላዋል፤ የሰው ጠባይ ሲገለበጥ ግን ምንም ያህል ደቂቃ ቢጨመር አይቃናም።

ረጅም ሁሉ ለመጽሐፉ ታማኝ ነው ብላችሁም እንዳትከፍሉ። እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው «ዘ ሆቢት» አንድ ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ ከ2012 እስከ 2014 ሦስት ፊልም ወጣው፣ መጽሐፉ ላይ የሌለችው ታውሪየልም ተጨመረች። የዚህ ኤክስቴንድድ ከመጽሐፉ የባሰ ያርቃችኋል እንጂ አያቀርባችሁም። ሃሪ ፖተርን «ሙሉው» ለሚላችሁም፣ ከሰባቱ መጻሕፍት ረጅሙ አምስተኛው ሆኖ ሳለ ፊልሙ 138 ደቂቃ ብቻ መሆኑን ንገሩት።

ፋይል አንዴ ከተገለበጠ ብር ማስመለስ ጣጣ ነውና እዚያው ሱቁ ኮምፒውተር ላይ አስከፍታችሁ እዩ። ሦስተኛውን ክፍል አስከፍቱና መጀመሪያ አካባቢ ጠንቋዩ ጋንዳልፍና ጓደኞቹ የክፉው ጠንቋይ የሳሩማን ምሽግ አይዘንጋርድ የሚደርሱበትን ፈልጉ። በተራዘመው ቅጂ ሳሩማን ከማማው አናት ያናግራቸውና እዚያው ይሞታል፤ በሲኒማው ቅጂ ፊቱ እንኳ አይታይም። ሳሩማን ከሌለ የተራ ፊልም ዋጋ ብቻ ክፈሉ።