የ500 ብሩ ፔይሮል

የአንድ ዳቦ ቤት ደመወዝ የምሠራው እኔ ነኝ። 14 ሠራተኛ ነው። መስከረም 2018 ላይ "የ2018 ፔይሮል" የሚል የኤክሴል ፋይል ቴሌግራም ላይ አገኘሁና በ500 ብር ገዛሁ። የሻጩን ስም ልተወው። ስለ ፋይሉ ግን ላውራ።

መልኩ ያምራል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የደመወዝ ወረቀት ያወጣል፤ የፊርማ ቦታም አለው። የወር መምረጫው ላይ ጳጉሜንንም ጨምሯታል። የጳጉሜን ደመወዝ የሚከፍል አሠሪ የምታውቁ ጠቁሙኝ፣ ነገውኑ ማመልከቻ አስገባለሁ።

ጉዱ ያለው ግብሩ ጋ ነው። አዲስ ፋይል ሲደርሰኝ መጀመሪያ አንድ ሰው መርጬ በካልኩሌተር እመታለሁ። የጋጋሪያችን ደመወዝ 8,500 ነው። ከሐምሌ 2017 ወዲህ ባለው የገቢ ግብር ሕግ 25 በመቶው እርከን ውስጥ ይገባል። 2,125 ይመጣል፣ 850 ተቀናሽ (ለእርከኑ የተወሰነው ቋሚ ቅናሽ) ይነሳለታል፣ ግብሩ 1,275። ፋይሉ ግን 1,595 አለኝ። ቁጥሩን እንዳየሁት አወቅኩት፤ የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ነው። 30 በመቶ፣ ተቀናሽ 955። ሽፋኑ 2018፣ ሆዱ አሮጌ። 320 ብር ከጋጋሪ ኪስ ሊወጣ ነበር።

ላስተካክለው ብል ፎርሙላው ኢፍ ("እንዲህ ከሆነ" የሚለው ትእዛዝ) በኢፍ ላይ የተደረተ ነው። ሰባቱም እርከን ከነመቶኛው እዚያው ውስጥ ተቀብሯል፤ ያውም በፓስወርድ ተቆልፎ።

ለሻጩ ጻፍኩለት። በማግስቱ በቪሉክአፕ (ቁጥርን ሰንጠረዥ ውስጥ ፈልጎ ጎኑ ያለውን በሚያመጣው ፎርሙላ) የተሠራ ሌላ ፋይል ላከልኝ። እንዲህ ነው እንጂ! እርከኖቹ ለብቻቸው አንድ ሺት ላይ ተደርድረዋል፦ 0፣ 2,000፣ 4,000፣ 7,000፣ 10,000፣ 14,000። ጎናቸው መቶኛው፣ ቀጥሎ ተቀናሹ። ሕግ ሲቀየር ሰንጠረዡን ብቻ መንካት ነው። መነሻዎቹን 2,001፣ 4,001 እያለ አለመጻፉን ወድጄለታለሁ፤ 4,000 ብር ከ50 ሳንቲም የሚያገኝ ሰው የታችኛው እርከን ላይ አይቀርም። የፎርሙላው መዝጊያ ላይም ትሩ ብሏል፤ ልክ ያው ቁጥር ባይኖር ከሥሩ ያለውን ቅርብ መነሻ ይወስዳል ማለት ነው። ፎልስ ቢል ኖሮ "8,500" የሚል መስመር ሲፈልግ ያጣና ስህተት ያወጣ ነበር። የቪሉክአፕ ተተኪ በሆነው በኤክስሉክአፕ አለመሥራቱም በጀኝ፤ የዳቦ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያለው ኤክሴል 2010 ነው፣ አያውቀውም።

ሰንጠረዡን ባለበት የምታቆመውን የዶላር ምልክት ግን ረስቷታል። ፎርሙላውን ወደ ታች ስጎትተው ሰንጠረዡም አብሮ ወረደ። ሦስተኛው ሰው ላይ ሲደርስ ሰንጠረዡ የሚጀምረው ከ4,000 ሆኗል። ሦስተኛዋ የጽዳት ሠራተኛችን ናት፣ ደመወዟ 3,500። ወጣላት ኤን ኤ፣ "አልተገኘም" የሚለው ስህተት። ከሷ ቀጥሎ ያለው የ16,000 ብር ሥራ አስኪያጅ ምንም አልሆነም፣ የ14,000ው መስመር ገና ውስጥ ስለነበር በትክክል ተሰላለት። ከሰባተኛው ሰው ጀምሮ ግን ሁሉም ኤን ኤ። ኤፍ 4 ቁልፍን ተጭኜ ዶላሯን አስገባሁና ሰንጠረዡን ቆለፍኩት፤ አሥር ሰከንድ አልፈጀም። ግን እኮ ለዚህ ነው የከፈልኩት።

ጡረታው 7 በመቶ፣ ልክ ነው። ግብሩን ጡረታ ሳይነሳ ባለው ደመወዝ ላይ ማስላቱም ልክ ነው። ጋጋሪው 6,630 ላይ ፈርሞ ብሩን ተቀበለ።

500 ብሩን ለደመወዝ ወረቀቱ እንደከፈልኩት ቆጥሬዋለሁ። ጳጉሜንን ከዝርዝሩ አላወጣኋትም።