ፕሬዚዳንት በማኒላ፣ ፕሬዚዳንት በሲንጋፖር

ስሙ አንድ ነው፤ ሥልጣኑ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

በፊሊፒንስ ፕሬዚዳንቱ ራሱ ነው አገር የሚመራው። ጦሩን ያዛል፣ ካቢኔውን ያዋቅራል። ታዲያ አንዴ ብቻ፣ ለ6 ዓመት። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርኮስ ከ20 ዓመት በላይ ወንበሩ ላይ ስለቆዩ፣ የ1987ቱ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ ዳግም እንዳይመረጥ ከለከለ። ያንን ቁስል ላየ ሕዝብ ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል። ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ሲጠፋ ሁለተኛ ዙር ምርጫ አለመኖሩ ግን ያሳስበኛል፤ ፕሬዚዳንት ዱቴርቴ በ2016 ያሸነፉት 39 በመቶ ገደማ ድምፅ ይዘው ነው። ምክትሉም ለብቻው ስለሚመረጥ፣ ያኔ ምክትል የሆኑት ከሌላ ወገን የመጡት ሌኒ ሮብሬዶ ነበሩ።

ሲንጋፖር ውስጥ የሚያስተዳድረው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ፕሬዚዳንቱም 6 ዓመት ያገለግላል፤ ሕዝቡ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ መምረጥ የጀመረው በ1993 ነው። ዋና ሥራው ደስ ይለኛል፦ የካዝናው ሁለተኛ ቁልፍ በእጁ ነው። ያለፉ መንግሥታት ያጠራቀሙት ገንዘብ ያለ እሱ ፈቃድ አይነካም። በ2009 የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ መንግሥት ጠየቀ፤ ፕሬዚዳንት ናታን 4.9 ቢሊዮን የሲንጋፖር ዶላር እንዲወጣ ፈቀዱ። ሥራ እንዳይቋረጥ፣ ብድር እንዳይደርቅ።

ችግሩ አጥሩ ነው። ከግል ዘርፍ የሚመጣ ዕጩ ቢያንስ 500 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር ካፒታል ያለው ኩባንያ የመራ መሆን አለበት። በ2017 መስፈርቱን ያሟሉት ሀሊማ ያዕቆብ ብቻ ስለነበሩ፣ ሕዝቡ ድምፅ ሳይሰጥ ፕሬዚዳንት ሆኑ። እኔ ቁልፉን እወስዳለሁ፤ አጥሩን ግን ዝቅ አደርገው ነበር።