ኤስኪውላይት ወይስ ፖስትግሬስ?

ሁለቱም የአፕሊኬሽን መረጃ የሚቀመጥባቸው ነፃ ዳታቤዞች ናቸው፤ ወጪው ሰርቨሩና የእናንተ ጊዜ ላይ ነው።

አጀማመር፦
ኤስኪውላይት አንድ ፋይል ነው፤ የሚጫን ሰርቨር የለም፣ ፓስወርድ የለም።
ፖስትግሬስ ሰርቨር ነው፤ ተጠቃሚ መፍጠር፣ ፈቃድ መስጠት፣ ፖርት 5432ን (የሚገናኝበትን የኔትወርክ በር) ከውጭ መዝጋት አለ።

ብዙ ሰው ሲጽፍ፦
ዋናው ልዩነት እዚህ ነው። ኤስኪውላይት በአንድ ጊዜ አንድ ጸሐፊ ብቻ ያስተናግዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የመጣው ዋል ሞድ (ለውጦችን መጀመሪያ በተለየ ፋይል የሚመዘግብ አሠራር) ሲበራ አንባቢዎች ጸሐፊውን አይጠብቁም፤ ሁለተኛው ጸሐፊ ግን ያው ወረፋ ይይዛል። የመጠበቂያ ጊዜው ካልተስተካከለለት ሎጉ «ዳታቤዝ ኢዝ ሎክድ» (ዳታቤዙ ተቆልፏል) በሚል ይሞላል። አንድ ሌሊት ሙሉ ያሳደደኝ ይሄው መልእክት ነው፤ ጥፋተኛው ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸድቁ ለውጦች) ከፍቶ የውጭ ኤፒአይ (የሌላ ሲስተም) ምላሽ የሚጠብቅ የራሴ ክሮን ጆብ (በሰዓቱ በራሱ የሚሮጥ ሥራ) ሆኖ ተገኘ።
ፖስትግሬስ የሚቆልፈው የሚስተካከለውን ረድፍ ነው፤ ሁለት ሰዎች የተለያየ ትዕዛዝ ቢያስተካክሉ አይነካኩም። የሱ ጣጣ ኮኔክሽን (አፕሊኬሽኑ ከዳታቤዙ ጋር የሚከፍተው ግንኙነት) ነው፦ ካልተቀየረ ጣሪያው 100 አካባቢ ነው፣ እያንዳንዱም ለብቻው ፕሮሰስ (የሚሮጥ ፕሮግራም) ስለሆነ ሚሞሪ ይበላል።

ጥብቅነት፦
የቁጥር ዓምድ ውስጥ «አስር» ብላችሁ ብትጽፉ ኤስኪውላይት፣ ሠንጠረዡ ሲፈጠር ስትሪክት (ጥብቅ) ካልተባለ፣ ዝም ብሎ ይቀበላል። ፖስትግሬስ ስህተት ነው ብሎ ይመልሰዋል። እኔ የሚመልሰውን እመርጣለሁ።

ባክአፕ፦
የኤስኪውላይትን ፋይል እየተጻፈበት ሳለ ኮፒ አታድርጉ፤ የራሱ የባክአፕ ትዕዛዝ አለው። ለፖስትግሬስ ፒጂ ደምፕ የሚባል የባክአፕ ትዕዛዝ አለ።

በአንድ ሰርቨር ለሚሠራ፣ ንባብ ለሚበዛበት ሳይት ወይም ለውስጥ መሣሪያ ኤስኪውላይት ይበቃል። አፕሊኬሽኑ ሁለት ማሽን ላይ ሊሮጥ ከሆነ፣ ወይም ክፍያና ትዕዛዝ በአንዴ ከብዙ አቅጣጫ የሚገባ ከሆነ፣ ፖስትግሬስን ከመጀመሪያው ቀን ትከሉ።