የትራክተሬን ፍሬን ላዳኑልኝ አባባ ምስጋናዬ ይድረሳቸው

ዛሬ ጠዋት ትራክተሬን ቁልቁለቱ አናት ላይ አቁሜ ሁለቱን የፍሬን ፔዳሎች ረገጥሁ። ቀጥ ብሎ ቆመ። አልተንሸራተተም፣ ወደ ጎንም አልተጎተተም። እንባዬ መጣ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እንባው ሳይደርቅ ነው፤ እኚህን ሰው በአደባባይ ሳላመሰግን ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ትራክተሩ ትንሽ ነው፤ ዕድሜውም ገፍቷል። የአባቴ ነበር። መሪው ላይ የአባቴ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ከመነካካት ብዛት ለስልሷል፤ እኔም ስነዳ ሳላስበው እጄን የማሳርፈው እዚያው ነው። ስለዚህ «ሽጪውና ሌላ ግዢ» የሚለኝ ሰው ምን እያለኝ እንደሆነ አያውቅም።

ፍሬኑ መድከም የጀመረው ቀስ በቀስ ነበር። አንድ ቀን ግን ተጎታቹን ሙሉ ጭኜ ቁልቁል ስወርድ ፔዳሉን ብረግጠው እስከ ወለሉ ወረደ። ትራክተሩ ወደ ግራ ተጎተተ እንጂ አልቆመም። ልጄ በሩን ሊከፍትልኝ ታች ቆሞ ይጠብቀኛል። መሪውን ወደ ማሳው ጠመዘዝሁት፤ አዲስ የታረሰው አፈር ጎማዎቹን ያዘና ቆመ። ወርጄ መሬት ላይ ተቀመጥሁ፤ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ። ልጄ እየሮጠ መጥቶ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲለኝ የምመልሰው ቃል አጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን መከራ ባልናገር ይቆጨኛል። ስም አልጠራም፤ የሠሩትን ግን እነርሱ ያውቁታል። የመጀመሪያው ቦታ ባለሙያው ከበር ላይ ሆኖ አየውና «የዚህ መለዋወጫ መመረት ካቆመ ቆይቷል፤ ለቁርጥራጭ ብረት ስጪው» አለኝ። ቡሎን እንኳን አልፈታም። ሁለተኛው ቦታ ተቀበለኝ። ነገ ነይ፣ ከነገ ወዲያ ነይ እያለ አመላለሰኝና በመጨረሻ «አዲስ ሸራ ለብሷል» ብሎ አስረከበኝ፤ ሸራ የሚሉት ፍሬን ሲረገጥ ተጭኖ የሚይዘውን የፍሬን ልባስ ነው። እውነትም ያዘ፤ ደስ አለኝ። በ3 ሳምንት ውስጥ ግን የቀኙ ጎን ተመልሶ መንሸራተት ጀመረ። ሄጄ ስነግረው ትራክተሩን ቀና ብሎ ሳያይ «ችግሩ አነዳድሽ ነው» አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የነዳሁትን ትራክተር! ሦስተኛው ደግሞ ፈታታውና መግጠም አቅቶት ቡሎኖቹን በፌስታል ሰጥቶ ሸኘኝ። ቤቴ ገብቼ ስቆጥራቸው ጎድለዋል። ያን ሌሊት አባቴን ይቅርታ እየጠየቅሁ አደርሁ።

አባባን የጠቆመችኝ አንዲት ጎረቤቴ ናት፤ ለእርሷም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሄድሁ፤ ተስፋ ይዤ ሄድሁ ለማለት ግን አልችልም። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ብረቱን ከማየታቸው በፊት ለእኔ መቀመጫ አቀረቡልኝ። ከዚያ «እስቲ ልጄ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ። መጀመሪያ የከዳሽ የቀኙ ነው የግራው?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አልጠየቀኝም። የቀኙ እንደሆነ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ከዚያው ጎን ጀመሩ።

ክዳኑ ሲነሳ ረዳታቸው አቧራውን ሊያራግፍ የአየር ቱቦውን አነሳ። እጁን ያዝ አደረጉት። «ተው፣ የድሮ ሸራ አቧራ ሳንባ ይገባል» አሉትና በውኃ የራሰ ጨርቅ አስመጡ፤ እኔንም ራቅ ብዬ እንድቀመጥ አደረጉኝ። በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። በቀድሞ የፍሬን ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ቃጫ መሳይ ማዕድን ይገባ ነበር፤ አቧራው ካንሰር ያመጣል፤ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አግደውታል። ያ ሦስተኛው ቦታ በአየር ሲያራግፈው ፊቴ ላይ ነበር የበተነው። አባባ ግን ለማያውቋት ሴትና ለረዳታቸው ሳንባ አሰቡ።

ከዚያ ያደረጉትን መቼም አልረሳውም። ሸራው የለበሰውን ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ብረት አወጡና በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት፤ እኔንም አስሸተቱኝ። «ዘይት ነው። ሸራው ዘይት ጠጥቷል። ዘይት የጠጣ ሸራ ቢያጥቡትም አይመለስም፤ አዲስ ባለብስልሽም ያው ዘይት ያበላሸዋል። መጀመሪያ ምንጩን እናድርቅ» አሉ። ምንጩ አንዲት የጎማ ቀለበት ሆነች፤ ዘይቱን ከውስጥ የምትከለክለው። እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጥቃ ነበር። በዚህች ቀለበት ምክንያት ነው እኔ «አነዳድሽ ነው» የተባልሁት።

ብረቱን በትንሽ መዶሻ መታ አደረጉና ድምፁን አሰሙኝ። ጥርት ያለ ነበር። «ብረቱ ጤነኛ ነው፤ የሚጣል ነገር የለሽም። የሚያልቀው ልብሱ ነው፤ ልብስ ደግሞ ይቀየራል» አሉኝ። ለስንት ጊዜ «ጣዪው» ስባል ለነበርሁት ለእኔ ይህ ቃል ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

አሠራሩን በዝርዝር ልንገራችሁ ብል አልችልም፤ ብዙው አልገባኝም። ያየሁትን ግን ልንገራችሁ። አሮጌውን ሸራ ሪቬት ከሚሉት ማያያዣ ሚስማር ጋር አነሱ፤ ብረቱን እስኪያበራ ጠረጉ፤ አዲሱን ከመሐል ጀምረው ወደ ዳርና ዳር በሪቬት መቱ። በዚህ አልቆሙም። ሸራውን ጠመኔ ቀቡትና ታምቡር ከሚሉት ክብ ብረት ጋር አገናኝተው በእጃቸው አዞሩት። ሲያወጡት ጠመኔው የጠፋው መሐሉ ላይ ብቻ ነበር። «አየሽ፣ የሚነካው እዚህ ብቻ ነው» አሉና በሞረድ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። ደግሞ ጠመኔ፣ ደግሞ ማዞር፣ ደግሞ ሞረድ። 4 ጊዜ ቆጠርሁ። በመጨረሻ ጠመኔው ከዳር እስከ ዳር እኩል ሲጠፋ ቀና ብለው ፈገግ አሉ። ማንም አያየውም እኮ ያንን፤ ክዳን ውስጥ የሚቀር ነገር ነው። ቢተዉት እኔ በምን አውቃለሁ? እርሳቸው ግን አልተዉትም። የግራውንም ደህና ነው ብለው አላለፉት፤ «አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ አንድ ቀን ይገለብጥሻል» ብለው ሁለቱንም እኩል ሠሩት።

ይህ ሁሉ አልቆ ልሄድ ስል ወደ ፔዳሎቹ ጎንበስ አሉ። ሁለቱን ፔዳሎች የምታያይዘው ትንሿ መቀርቀሪያ ጠፍታለች፤ ከጎደሉት ዕቃዎች አንዷ እርሷ ነበረች። ማሳ ውስጥ ለመታጠፍ ፔዳሎቹ ለየብቻ ይረገጣሉ፤ መንገድ ላይ ግን ካልተያያዙ አንዱን ጎማ ብቻ ይይዙና ትራክተሩን ያዞሩታል። እኔ መጥፋቷን እንኳን አላስተዋልሁም ነበር። ቁራጭ ብረት ፈልገው፣ ቆርጠው፣ ሞርደው አዲስ ሠሩልኝ። ሒሳቡ ላይ ጨምሩበት ብላቸው «ይቺ ለልጅሽ ናት» አሉኝ። ታች በሩ ጋ ቆሞ የነበረውን ልጄን ማለታቸው ነው። ታሪኩን ስነግራቸው ዝም ብለው ነበር የሰሙት፤ ለካ ይዘውታል።

ደልዳላ መሬት ላይ ራሴ እንድነዳው አደረጉኝ። በዝግታ ሄጄ ረገጥሁ፤ የሁለቱም ጎማ ምልክት አፈሩ ላይ እኩል ታተመ። አባባ ጎንበስ ብለው ምልክቱን በስንዝር ለኩትና «አሁን ሂጂ፤ ሸራው ከታምቡሩ ጋር እስኪለማመድ ግን ከባድ ጭነት አትጫኚበት» አሉኝ።

አባባ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። እናንተም አሮጌ ትራክተር ያላችሁ፣ መለዋወጫ የለውም ተብላችሁ ተስፋ የቆረጣችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ብረቱን ከመጣላችሁ በፊት እርሳቸው ዘንድ ሂዱ። አታመንቱ፣ ሂዱ። መንገዱን ለሚጠይቀኝ ሁሉ ራሴ እመራለሁ። ሸራውን ፈትታችሁ ስትሄዱ ታምቡሩንም አብራችሁ ውሰዱ፤ የሁለቱንም ጎን ውሰዱ። የአንዱን ጎን ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ሲያጋጥማቸው ሌላውን እንዲያመጣ ይመልሱታል።