አራራይን የፈለግንበት የስም መተግበሪያ

ታናሽ እህቴ ሜሪላንድ ውስጥ ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇ ሴት መሆኗንና በግንቦት እንደምትወለድ ካወቀች ጀምሮ ከባለቤቷ ጋር ያለ ክርክር የተስማሙበት ነገር ቢኖር፣ የልጅቱ ስም ከዜማ የተወሰደ፣ ነገር ግን ብዙ ሰው የማይጠራበት እንዲሆን ነው። አባታችን ይህን ሲሰሙ፣ ግንቦት 11 የቅዱስ ያሬድ በዓል መሆኑን አስታውሰው ከያሬድ ዜማዎች በአንዱ ስም «አራራይ በሏት» አሉ። ባለቤቷ ስሙን ሰምቶት አያውቅም ነበርና ትርጉሙንና ምን ያህል ሰው እንደሚጠራበት ለማየት የኢትዮጵያ ስሞችን ይተነትናል የተባለ የስልክ መተግበሪያ ገዙ፤ እኔም አዲስ አበባ ሆኜ በእህቴ የይለፍ ቃል እየገባሁ ለሁለት ወር ያህል ፈተሽሁት። ሐሳቤ አዘጋጆቹን ማሳጣት ስላልሆነ የመተግበሪያውን ስም እተወዋለሁ።

መጀመሪያ የሚመሰገንበትን ልናገር። እያንዳንዱ ስም በሰው ድምፅ ተነቦ ተቀድቷል፤ አንባቢዋም አጥርታ፣ ሳትቸኩል ታነባለች። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ ስለማያሳይ፣ «ከበደ» የሚለውን ስም በጽሑፍ ብቻ ያየ የውጭ አገር ልጅ «በ»ን አጥብቆ ማንበብ እንዳለበት የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ይህ ቀረጻ ግን ያንን ችግር ይፈታል። ሌላው የወደድሁት ነገር የልጅቱን ስም ከአባትና ከአያት ስም ጋር አጣምሮ ማሰማቱ ነው። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም ስለሌለው፣ ስም ሲወጣ አብሮ የሚታሰበው ከአባት ስም ጋር እንዴት እንደሚገጥም ነው፤ ይህን ያሰበ ሰው አገሩን ያውቃል ማለት ነው።

ፍለጋው ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ይበላሻል። «ማህሌት» ብዬ ስጽፍ ወዲያው መጣልኝ፤ «ማሕሌት» ብዬ ስጽፍ «ስሙ አልተገኘም» አለኝ፤ «ማኅሌት»ም እንዲሁ። በድምፅ አንድ የሆኑትን ፊደላት አንድ አድርጎ የማይፈልግ መተግበሪያ ለአማርኛ ተጠቃሚ ግማሽ ሥራ ነው፤ አንዱ «ሰሎሞን» ሌላው «ሠሎሞን» ብሎ እንደሚጽፍ ያልገመተ የለምና። ጉዳዩ ከአጻጻፍ ምቾትም ያልፋል። በግዕዝ ዘመረ፣ አዜመ ለማለት የሚያገለግለው ግስ በሐመሩ ሐ የሚጻፈው «ሐለየ» ነው፤ በብዙኃኑ ኀ የሚጻፈው «ኀለየ» ግን አሰበ ማለት ሲሆን «ኅሊና» የመጣው ከእርሱ ነው። በልማድ «ማኅሌት» ብለን የምንጽፍ ብዙዎች ነን፤ ነገር ግን የስም ትርጉም እነግራችኋለሁ ብሎ ገንዘብ የሚቀበል አገልግሎት፣ ዝማሬን ከሐሳብ የሚለየውን ፊደል ሳያነሣ «ማህሌት፦ ምስጋና» ብሎ ማለፉ አይበቃም።

ከሙዚቃ የተወሰዱ የሴት ስሞች የተሰበሰቡበት ክፍል ደግሞ አስቆናል። ዜማ፣ ማህሌት፣ ትዝታ ይልና ክራርን፣ ከበሮንና እምቢልታን ያስከትላል። «ከበሮ ነይ፣ ምሳ ቀርቧል» ብላ ልጇን የምትጠራ እናት እስካሁን አልገጠመችኝም። ትዝታ ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች የአንዱ ስም ሆኖ ሳለ «ያለፈን ማስታወስ» ተብሎ ብቻ ተተርጉሟል፤ ስለ ቅኝቱ አንድም ቃል የለም። ከቀሩት ቅኝቶች ባቲና አምባሰል በዝርዝሩ የሉም፤ የወሎ ቦታዎች ስም በመሆናቸው ይሆናል። አራተኛዋ አንቺሆዬ ግን አለች፤ ይህችኛዋን የእህቴ ባለቤት ወዷት ነበር፤ ይሁንና ጠሪው ሁሉ ልጅቱን በጠራ ቁጥር የሚያባብላት እንደሚመስል አባታችን ሲነግሩት ተወው።

ወደ ዋናው ጉዳያችን ስመለስ፣ መተግበሪያው ስለ አራራይ የሚለው ይህን ብቻ ነበር፦ «አዛኝ። ምንጩ ያልታወቀ።» ምንጩስ እንዴት አይታወቅም? አራራይ ከግዕዝና ከዕዝል ጋር ከሦስቱ የቤተ ክርስቲያን ዜማዎች አንዱ ነው፤ የሦስቱም መነሻ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ውስጥ ለነበረው ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል። በትውፊቱ ግዕዝ በአብ፣ ዕዝል በወልድ፣ አራራይ በመንፈስ ቅዱስ ይመሰላል፤ መምህራን ስሙን ሲፈቱም የሚያራራ፣ ልብን የሚያለሰልስና የሚመስጥ ይሉታል። ስለዚህ «አዛኝ» የሚለው ትርጉም ከሥሩ ብዙም ባይርቅም አቅጣጫውን ስቷል፤ አራራይ ሌላውን እንዲራራ የሚያደርግ ድምፅ እንጂ ራሱ የሚያዝን ሰው አይደለም። ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ሁለቱም በዜማው ተመስጠው ሳያውቁት እንደቆዩ የሚነገረውን ታሪክ እያንዳንዱ የሰንበት ተማሪ ያውቀዋል። ለሴት ልጅ ስም ሲታሰብ እኔን የሚማርከኝ ይህ ነው፤ አብዛኞቹ የምኞት ስሞች ልጅቱ ራሷ ምን እንድትሆን የወላጅን ፍላጎት ሲናገሩ፣ ይህኛው በሰሚው ላይ የሚሆነውን ይናገራል። ለወንድም ለሴትም ሊሆን ይችል ይሆን ብላ እህቴ ጠይቃኝ ነበር፤ የሚከለክል ነገር አይታየኝም፤ መተግበሪያው ግን ለሴት ብቻ ብሎ መድቦታል፤ በምን ምክንያት እንደሆነ አይገልጽም።

ከዚህ የባሰ ስሕተት ያገኘሁት «ተቀራራቢ ስሞች» በሚለው ሥር ነው። ለአራራይ ተቀራራቢ ብሎ አርያምን ይጠቁምና ሲከፍቱት «የጣሊያንኛ ቃል፤ በኦፔራ አንድ ሰው የሚያዜመው» ይላል። አርያም በግዕዝ ከፍ ማለትን ከሚያመለክት ሥር የወጣ፣ ላይኛውን ሰማይ የሚጠራ ቃል ነው፤ ከዜማ ጋር የሚያገናኘው ያሬድ ከአርያም ሰማው የሚባለው የመላእክት ዝማሬ እንጂ ኦፔራ አይደለም። ከጣሊያንኛ የመጣው አሪያ ነው፤ እርሱም በአሜሪካ ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ እጅግ የተስፋፋ የሴት ስም ነው። መተግበሪያው ሁለቱን አንድ አድርጎ የአሪያን የዕድገት ሥዕላዊ መግለጫ እንዳለ ለአርያም አልብሶታል።

የተወዳጅነት ቁጥሩ ጉዳይም ከዚሁ አይለይም። ለእያንዳንዱ ስም ከ100 የተሰላ ነጥብ አለ፤ አራራይ 61 አግኝቷል። በእኔ ዕድሜ ይህን ስም የያዘች አንዲት ሴት አላውቅምና ቁጥሩ ከየት መጣ ብዬ ብፈልግም ማብራሪያ አጣሁ። በአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ከ1880 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተወለዱ ልጆችን ስም ከነብዛቱ በየዓመቱ ያወጣል፤ ነገር ግን በአንድ ዓመት የወጣላቸው ልጆች ቁጥር ከ5 በታች የሆነን ስም ለግላዊነት ሲል ከዝርዝሩ ይተወዋል፤ በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ የተጻፈ አንድ ስምም እንደ ተለያየ ስም ይቆጠራል። የእኛ ስሞች ደግሞ እያንዳንዱ ቤተሰብ እንደመሰለው ስለሚጽፋቸው በዚህ ሚዛን ተበታትነው ይቀራሉ። በአገር ቤት በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ከዚያ የተጨመቀ የስሞች የብዛት ሰንጠረዥ ለሕዝብ ሲቀርብ አላየሁም። ስለዚህ 61 የሚለው ቁጥር ምናልባት በመተግበሪያው ውስጥ ስሙን ስንት ሰው እንደነካው የሚቆጥር ይሆናል፤ እንደዚያ ከሆነ ከነኪዎቹ የሚበዙት እኔና እህቴ ነን።

ክፍያው በወር 3 ዶላር ነው። ድምፁን ለመስማት ብቻ ለአንድ ወር መክፈል ያዋጣል፤ በተለይ ስሙን በትክክል መጥራት ለሚቸግራቸው የባለቤት ዘመዶችና ጎረቤቶች ማሰማት ለሚፈልግ ሰው። ለትርጉም ግን የሰፈር መሪጌታ ወይም አንድ ጥሩ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ይሻላል። ከ5 ኮከብ 2 ሰጥቼዋለሁ፤ ሁለቱም ለአንባቢዋ ድምፅ ናቸው።

«ማስተካከያ ላክ» በሚለው በኩል የአራራይን ምንጭና ፍቺ ጽፌ ልኬ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ስከፍተው «ምንጩ ያልታወቀ» የሚለው ጠፍቶ «ግዕዝ» ተብሏል፤ ማብራሪያዬም በችኮላዬ አንድ ፊደል እንደጎደለው እንዳለ ተለጥፏል። የተወዳጅነቱ ነጥብ ደግሞ ወደ 64 ከፍ ብሏል።