የተዳቀለ የብርቱካን ችግኝ ከኮምቦልቻ እስከ መርሳ፦ ምን አይቶ መግዛት፣ ከተተከለስ በኋላ ምን ማድረግ

በኮምቦልቻ፣ በሐይቅና በመርሳ መስመር በጥቁር ፕላስቲክ የሚሸጠው የተዳቀለ (የብርቱካን ቡቃያ በሌላ ተክል ግንድ ላይ የተጣበቀበት) የብርቱካን ችግኝ ለጓሮ ይሆናል ወይ? ይሆናል። ግን ቅጠሉ ስላማረ አይገዛም፤ ግንዱ ይታይ። ከዘር የበቀለ ብርቱካን ፍሬ ለመያዝ ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል፤ እሾሁም ብዙ ነው። የተዳቀለው በደህና እንክብካቤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ይጀምራል። ለዚህ ሲባል ተወድዶም ቢገዛ አይቆጭም።

የተዳቀለበት ቦታ ከአፈሩ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ማሰሪያ ላስቲኩ ካልተፈታ ግንዱ ሲወፍር ይታነቃል፤ ሻጩ ፊታችሁ ይፍታው። ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ የተጠመዘዘውን ተዉት። ዝርያው ቫሌንሺያ ይሁን ዋሽንግተን ኔቭል፣ የተዳቀለበት የታችኛው ግንድስ ምን እንደሆነ ጠይቁ። ኮምጣጣ ብርቱካን ላይ የተዳቀለ ሙጫ የሚያመጣውን በሽታ ይቋቋማል፣ ለትሪስቴዛ ቫይረስ ግን ደካማ ነው። ይህን መመለስ የማይችል ሻጭ ዘንድ ባትገዙ ይሻላል።

ደሴ ከተማና ከዚያ በላይ ደጋው ላይ ለሚኖር አንመክርም። ብርቱካን ከ13 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እድገቱ ይቆማል። ሐርቡ፣ ባቲ፣ መርሳ ይስማሙታል።

ብዙ ቤት ውስጥ ዛፉን የሚገድለው አተካከል ነው። ጉድጓዱ 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ የላይኛው አፈር ከበሰበሰ ፍግ ጋር ተቀላቅሎ ይመለስበት። የተዳቀለበት ቦታ በፍጹም አይቀበር። አፈር ግንዱ ላይ ከተከመረ ወይም ውኃ ከተኛበት ፋይቶፍቶራ የተባለው ተዋህስ ቅርፊቱን ያበሰብሳል፤ ቡናማ ሙጫ ያንጠባጥባል። ይህ ሲታይ አፈሩን እስከ ሥሩ መነሻ ድረስ ግለጡ፣ የሞተውን ቅርፊት ጤናማው እስኪታይ በስለት ፋቁ፣ ከዚያ መድኃኒቱን ቀቡ። 100 ግራም ኮፐር ሰልፌት በግማሽ ሊትር ውኃ፣ 100 ግራም የጠፋ (ውኃ የጠጣ) ኖራ በሌላ ግማሽ ሊትር ለየብቻ ይሟሟል፤ ከዚያ ኮፐሩ ኖራው ላይ እየተማሰለ ይፈስሳል። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፤ ኮፐር ሰልፌት ብረት ይበላል። በዚያው ቀን ጓንት አድርጋችሁ ቀቡት። ቅርፊቱ ግንዱን ዙሪያውን ከሞተ ግን ዛፉ አይድንም።

ዋልካ አፈር ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ክረምት ውኃው ሲቋጠር ሥሩ አየር ያጣል፣ ቅጠሉ ይገረጣል። ብዙዎች ያኔ ዩሪያ ይጨምራሉ፤ አይረዳም። መፍትሔው ቦይ መቅደድ ነው፤ አዲስ ለሚተክል ደግሞ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባለ መደብ ላይ መትከል። ያረጀው ቅጠል ቀድሞ ከገረጣ ናይትሮጅን አንሶታል፤ ለአንድ ዓመት ዛፍ በአንድ ጊዜ ከ50 ግራም ያልበለጠ ዩሪያ ከግንዱ ራቅ አድርጎ መስጠት ይበቃል። ለጋው ቅጠል ገርጥቶ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከሆነ የጎደለው ብረት ነው።

ከተዳቀለበት በታች የሚያቆጠቁጥ እሾሃም ቅርንጫፍ የታችኛው ተክል ነው። ለጋ ሳለ ከሥሩ ገንጥሉት፤ ካልሆነ የላይኛውን ይውጠዋል።

ቅጠሉ ላይ ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ሻጋታ ካያችሁ ገልብጡት፤ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካለ ነጭ ዝንብ ነው፣ ጥቀርሻው የሚያድገው እሱ በሚያወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ ነው። አሥር ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውኃ አድርጋችሁ ፀሐይ ሳይበረታ የቅጠሉን ሆድ እጠቡ፣ በየሳምንቱ ድገሙት። ጉንዳን ግንዱ ላይ ከወጣ አብሮ ይጥፋ፤ ለፈሳሹ ሲል ተባዩን ከጠላቶቹ ይጠብቀዋል። ለጋ ቅጠል ላይ የሚታየው ነጭ ጠመዝማዛ መስመር ግን የትል መንገድ ነው፤ ላደገ ዛፍ መድኃኒት አያስፈልገውም።

ቆላው ላይ ሌሊቱ ስለማይቀዘቅዝ ልጣጩ አረንጓዴ እንደሆነ ፍሬው ሊበስል ይችላል። አንድ ቆርጣችሁ ቅመሱ፤ ብርቱካን ከተለቀመ በኋላ አይጣፍጥም፣ ስለዚህ ኮምጣጣ ከሆነ የቀረውን ዛፉ ላይ አቆዩት።